የድስቱ ሰም

ውብአየሁ ዛሬ ትምህርት ቤት የመጣችው የጂኦግራፊ መጽሐፏን ልትመልስ ነው። ዳንግላ ውስጥ ጧፍ ሠርታ የምትተዳደር የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። ድሮ ያቋረጠችው አባቷ ሲሞት ታናናሾቿን ለማሳደግ ነበር። እነሱ ተምረው ለወግ ለማዕረግ በቁ፤ እሷ ዘጠነኛ ላይ ቀረች።

ባለፈው ቅዳሜ መምህር አሳምነው አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

"የምድር ቅርፊት ፕሌት በሚባሉ ሰፋፊ የአለት ንጣፎች የተከፋፈለ ነው ብለናል። የባሕሩና የየብሱ ንጣፍ ሲጋጠሙ የባሕሩ ከሌላው ሥር ገብቶ ይሰምጣል። ለምን?"

"ስላረጀ" አለች ውብአየሁ።

ዮናዳብ የሚባል ጎረምሳ ከፊት ወንበር ዞሮ፣ "እንደ እርስዎ?" አላት። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ እንድታብራራ ቢጠይቃትም ዕፍረት አፏን ያዘው፤ ቤቷ ስትገባ ትምህርት በቃኝ አለች።

ሐሙስ ዕለት ግን ሰም ስታቀልጥ መልሱን ድስቱ ውስጥ አየችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስታየው የኖረችው ነገር ነው። እልኸኛ ናትና፣ "ሳልመልስማ አልወጣም" አለች። እናም ዛሬ መጽሐፉን በአንድ እጇ፣ የሰም ድስቷን በሌላው ይዛ ክፍል ገባች። መጽሐፉን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አኖረችና እሱን አስፈቅዳ ከሰል አቀጣጥላ ሰሙን አቀለጠች፤ ከዚያ አውርዳ እስኪበርድ ጠበቀች። ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ያዘ።

"ና፣ ጫፉን ብቻ በዚህች ጭራሮ ጫን አድርጋት" አለችው ዮናዳብን።

የነዮናዳብ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ አያበራም፤ ልጁ ሰም ሲቀልጥ አይቶ አያውቅም። ፈራ ተባ እያለ ጫን አደረገው። ጫፉ ጎንበስ ብሎ ሰመጠ። ጭራሮውን ካነሣም በኋላ የቀረው ሽፋን ዝግ ብሎ ተከተለው።

"ማነው የሚገፋው?" አለ ዮናዳብ።

"ማንም። የወረደው ነው የቀረውን የሚስበው" አለች። "የቀዘቀዘ ሰም ከቀለጠው ይከብዳል። የባሕሩም ንጣፍ ሲወለድ ትኩስ ነው፤ ዕድሜ ሲጠግብ ይበርዳል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። ስላረጀ ያልኩት ለዚህ ነው።"

የሳቀ የለም።

"ሰምጦም ከንቱ አይቀርም" አለ መምህሩ። "ይዞት የወረደው ውሃ ከበላዩ ያለውን አለት ያቀልጠዋል። የቀለጠው ወደ ላይ ወጥቶ ተራራ ይሆናል።"

ውብአየሁ ይህን አላወቀችም ነበር። ታናናሾቿን አሰበች። ደስ አላት፤ ትንሽም ከፋት።

ዮናዳብ ወደ ቦታው ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሐፍ አየና አነሣው።

"እትዬ ውብአየሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይሄ የእርስዎ ነው?"

መጽሐፉን አየችው።

"የኔ ነው፤ አምጣው" አለች። "ገና ግማሹ ላይ ነኝ።"