የሚስ ሲግሪድ ዋስ

በድሉ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከሆነ ጀምሮ ዓይኑ ከሚሲዮኑ ግቢ ላይ ተነስቶ አያውቅም። ጽሕፈት ቤቱ ጠቦት ነበር። እውነቱን ነው፣ ጠቦታል። ግን ሰው ቤት ጠበበኝ ብሎ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ይዘጋል? በድሉ ይዘጋል አለ። ጊዜው 1970 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ሳይሰማ ይቀር ነበር።

እኔ ማናለብሽ እባላለሁ፤ እዚያው ሒሳብ አስተምር ነበር። እናቴ «ይቺን ልጅ አፏ ያስበላታል» ትል ነበር። አልተሳሳተችም።

ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት ሚስ ሲግሪድ ናቸው፤ ከኖርዌይ የመጡ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ቁጡ ሴት። አማርኛ የተማሩት ከአንድ መሪጌታ ስለነበር ሽንኩርት ሲገዙ እንኳ ቅዳሴ የሚያነቡ ይመስሉ ነበር። ጥፍሯ ቆሽሾ የመጣች ልጅ ወዮላት! መጀመሪያ ሰሞን የሰፈራችን የልደታ ሰው «ልጆቻችንን ጸረ ማርያም ሊያደርጉብን ነው» ብሎ ሸሽቷቸው ነበር። በኋላ ግን በጾም ወራት ከልጆቹ ጋር ሽሮ ሲበሉ አይቶ ዝም አለ። የጠዋቱን ጸሎት የማትፈልግ ልጅ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች፤ ማንም አይናገራትም። እንዲህ እያለ እስላሙም ክርስቲያኑም ልጁን አመጣ።

ትምህርቱ ስድስተኛ ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ይዳራሉ፤ ካልተዳሩም ሱቅ ይቀመጣሉ። ሚስ ይህ አንገበገባቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ጌጃ ሰፈርን፣ አብነትን፣ ጠመንጃ ያዥን ቤት ለቤት ዞረው «ልጅዎን አይዳሩብኝ፤ ስምንተኛን እኔ አስፈትናታለሁ» ብለው ለእያንዳንዱ ወላጅ ቃል ገቡ። የመጀመሪያዎቹ የስምንተኛ ክፍል ልጆቻችን ሰኔ ላይ ሊፈተኑ ሲጠባበቁ ሚያዝያ ላይ ትእዛዝ መጣ። ሚስ «የኢምፔሪያሊዝም ወኪል» ተብለው ካገር ይውጡ፣ ትምህርት ቤቱም ይዘጋ ተባለ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ብንጠይቅ እስከ መስከረም ቦታ የለም አሉን። ለእነዚያ ልጆች ደግሞ ከመስከረም በፊት ባል ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን በድሉ አላሰበም። በዚያን ጊዜ ካገር የሚወጣ ሰው የመውጫ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ለቪዛው ደግሞ ዋስ ይጠራል። ዋሱ ቤት ያለው የቀበሌው ነዋሪ ሆኖ፣ ተጓዡ ጥሎት ለሚሄደው ዕዳና ግዴታ ሁሉ እኔ አለሁ ብሎ ይፈርማል። ዋስ ከሌለ መውጣት የለም፤ የተባረረም ቢሆን።

በድሉ መጀመሪያ ጋሽ ሚደቅሳን አስጠራ። ጋሽ ሚደቅሳ የትምህርት ቤቱን ወንበሮች ሁሉ የሠሩ አናጢ ናቸው።

«ጓድ፣ ዋስነት እፈራለሁ» አሉት። «አባቴ ለወንድሙ ዋስ ሆኖ በሬዎቹን አጥቷል። ሲሞትም ልጄ ዋስ እንዳትሆን ብሎ ነው የሞተው።»

ሌላውን አስጠራ፤ ሚስቴን ላማክር አለ። ሦስተኛው ታመምኩ አለ። ሰፈሩ ሳይመካከር ተመካከረ። እኔ በበኩሌ ቤት የለኝም፣ ተከራይ ነኝ፤ ስለዚህ እንደ ልቤ ሳቅሁ።

ሚስ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ማናለብሽ፣ ስለ እኔ ሐሰትን አትናገሩ» አሉኝ።

«ዋስ አልሆንም ማለት ውሸት ነው እንዴ?»

ጥቂት አሰቡበት። «አይደለም» አሉና አልጄብራውን እንድቀጥል አዘዙኝ።

እሁድ ጠዋት፣ ሆን ተብሎ በቅዳሴ ሰዓት፣ ሰፈሩ በሙሉ የቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። በሩ ላይ አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል።

«ዛሬ ለዚች ሴትዮ ዋስ ሳይገኝ ማንም ከዚህ አይወጣም!» አለ በድሉ።

መፍራቴን አልደብቅም። ከዚያ አብነት ጨርቅ የምትነግደው ዙሃራ ተነሳች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዋስ የሚሆን ሰው ሚስ ምን ዕዳ እንዳለባቸው አስቀድሞ ማወቅ የለበትም?»

«አለበት። ምንም ዕዳ የለባትም።»

«አለባቸው እንጂ! ልጄን ሐሊማን ስምንተኛ አስፈትናታለሁ ብለው ቤቴ ድረስ መጥተው ቃል ገብተውልኛል። ያንን ቃል አምኜ የመጣላትን ባል መልሻለሁ። ገና አላስፈተኑልኝም።»

«ለኔም ገብተዋል!» አለች አንዷ ከኋላ። «ለኔም!» አለ ሌላው። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

«ይህ የአድኃሪያን ቀልድ ነው!» ብሎ ጮኸ በድሉ። ደም ሥሩ ተገታትሮ የዋስትናውን ቅጽ ከቀበሌው ጸሐፊ ነጠቀ። «እኔ ራሴ ዋስ እሆናለሁ! ያለባትን ሁሉ እኔ እችለዋለሁ!» ፈረመ፤ ማኅተሙንም ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ መታው።

ጋሽ ሚደቅሳ በርጋታ ተነሱ። «ጓድ፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ባገራችን ባለዕዳው ሲሄድ ከፋዩ ዋሱ ነው።»

በድሉ ሳቀ። ባይስቅ ይሻለው ነበር።

ሚስ በዚያው ሳምንት ሄዱ። መኪናው በር ላይ ቆሞ ልጆቹ ሲንሰቀሰቁ እሳቸው እንባ የላቸውም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ስለ አንዷ ተማሪያችን «ፀሐይቱን በክፍልፋይ ላይ ጠበቅ አድርጊያት» አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኖሩበት ግቢ ሲወጡ ያሉት ይህንኑ ነው። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መኪናው ሳይርቅ የቀበሌው ሰዎች የግቢውን ቁልፍ ከእጄ ተቀበሉኝ፤ የስም ሰሌዳችንንም ከበሩ ላይ አወረዱት።

በማግስቱ ልጆቹን ዩኒፎርማቸውን አስለብሼ በየመንደሩ መካከል እየመራሁ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወሰድኳቸው። በሩ ላይ «የሰፊው ሕዝብ አዳራሽ» የሚል ተጽፏል፤ እኛም ገባን። እናቶቹ ተከተሉን። በድሉ ሲመጣ ልጆቹ ከማርክስና ከጓደኞቹ ፎቶ ሥር ደብተር ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ዕዳዎ ነው፣ ጓድ» አልኩት። «የሚስ ዋስ እርስዎ ነዎት። ያስተምሩልን እንጂ! አልጄብራው ካስቸገረዎት እኔ አግዝዎታለሁ።»

እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ። እናቶቹ በሩ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ቁጭ አሉ። ጥበቃውን ሞቱማን «አስወጣቸው!» አለው፤ ሞቱማ እህቱ ከልጆቹ አንዷ ናትና ጣሪያውን ያይ ጀመር። በዚህ መሐል ጋሽ ሚደቅሳ ጥቁር ቀለም የቀቡት ትልቅ ጣውላ ተሸክመው ገቡ።

«ጓድ፣ ሰሌዳው በየት በኩል ይሰቀል?»

«ሁላችሁንም አስራችኋለሁ!»

«ይሰሩን» አለች ዙሃራ። «የበላይዎ ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ስንደርስ የኢምፔሪያሊዝም ወኪል ዋስ ማን እንደሆነ ይነግሩናል። ማኅተም የመቱበት ቅጽ እዚያ ነው ያለው።»

በድሉ ይህንን አላሰበውም ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ ግቢውን አገኘ፣ አዳራሹን አጣ።

«እስከ ሰኔ ብቻ!» አለ።

«ከሰኔ ሌላ ማን ጠየቀዎት?» አልኩት።

አስተማርን። ስብሰባ ሲኖር ጋሽ ሚደቅሳ ግቢ ውስጥ እንማራለን፤ ሲበተን እንመለሳለን። የጠዋቱን ጸሎት እንኳ እዚህ በልባችሁ አድርጉት ብያቸው ነበር። አንድ ቀን ሰሙኝ። በሁለተኛው ቀን የሚጸልዩት ተነስተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አባታችን ሆይ» አሉ። ምን ልበላቸው? አሜን አልኩ።

የፈተናው ዕለት በድሉ አዲስ ካኪውን ለብሶ ፈተና ጣቢያው በር ላይ ቀድሞን ቆሟል። ከከፍተኛው የመጡ ባለሥልጣን አጠገቡ አሉ። ልጆቹ በሰልፍ ሲደርሱ ደረቱን ነፍቶ «እነዚህ የኛ ቀበሌ ልጆች ናቸው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው» አላቸው።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ልጆቹ እየገቡ ነበር፤ እኔ የፈለግሁትም ያንኑ ነበር። የመጨረሻዋ ልጅ ገብታ በሩ እስኪዘጋ ጠበቅሁ። ከዚያ በድሉ ፊት ሄጄ ቆምኩ፤ እርስዎነቱንም እዚያው ጣልኩት።

«አንተ ዋስ ነህ እንጂ አስተማሪያቸው አይደለህም። አስተማሪያቸውን ያባረርካቸው አንተ ነህ!»

ባለሥልጣኑ «የማን ዋስ?» ብለው ወደ በድሉ ዞሩ። መልሱን አልሰማሁም፤ ሁለት ጥበቃዎች ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ። ክረምቱን በሙሉ ታስሬ ከረምኩ። ያ ቀን ቢደገም አሁንም እለዋለሁ፤ ልጆቼ ውስጥ ነበሩ፣ በሩም ተዘግቶ ነበር።