አለሁ ባይ

አሥራ አንድ ዓመት የሊፍት መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ ኮድ ጻፍኩ። በነዚያ ዓመታት ከምድር ቤት ወደ ዘጠነኛ ፎቅ የወጣ ሰው ሁሉ ነፍሱ በእኔ እጅ ነበረች፤ አንዱም ግን በሩ ተከፍቶለት ሲወጣ «ማን ሠራው?» ብሎ አያውቅም። ሊፍት የሚመሰገነው ሲረሳ ነው። ሰው ትዝ ካለው ቆሞበታል ማለት ነው።

አለቃችን መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ቀጭን ሽማግሌ ነበር። ለማንኛውም ነገር የመጀመሪያ መልሱ «ቆይ» ስለሆነ አባ ቆይ አልነው። ኮዱ አለቀ ስንለው «ቆይ»። ደንበኛው ደጅ ቆሟል ስንለው «ቆይ፣ ወንበር ስጡት»። ሚስቱ ደውላ ምሳ ቀረበ ስትለው እንኳ «ቆይ» ሲል ሰምቻለሁ፤ ሴትየዋ የመለሰችለትን ግን እዚህ አልጽፈውም።

አዲስ መሐንዲስ ሲመጣ አባ ቆይ ዲግሪውን አያይም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀዋል፦ «አለሁን የት ጻፍከው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ካርድ ውስጥ ዘበኛ የምንላት ትንሽ ቆጣሪ አለች። ፕሮግራሙ በየሰከንዱ «አለሁ» እያለ ያሳውቃታል። ሰከንዱ አልፎ ድምፁ ከጠፋ ሞቷል ትልና ማሽኑን አጥፍታ እንደገና ታስነሳዋለች። «አለሁ» የምትለዋ መስመር የምትጻፈው ታዲያ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሥራው ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ። በሩን ሳያይ፣ ክብደቱን ሳይለካ አለሁ የሚል ፕሮግራም፣ አባ ቆይ እንደሚለው፣ ስም ሲጠራ ላልመጣ ጓደኛው «አቤት» የሚል ተማሪ ነው። ከአለሁ ጋር ካርዱ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ብልጭ ድርግም ካለች ማሽኑ በሕይወት አለ። ዝም ብላ ከበራች ሞቷል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለቀቅሁ። «አዲስ ፈተና ፈልጌ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ውሸታቸውን ነው። እኔ ሰልችቶኝ ነው። አንድ መስመር ለመቀየር ሦስት ወር መፈተን ሰለቸኝ። ከእኔ በኋላ የተመረቁ ልጆች የሞባይል መተግበሪያ ሠርተው በየመድረኩ ሲጨበጨብላቸው እኔ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ በባትሪ ብርሃን ሽቦ እቆጥር ነበር። ቀንቼ ነው የለቀቅሁት፣ አበቃ።

ስሰናበተው አባ ቆይ «ቆይ» አለ፤ ጠብቄው ነበር። ቀጥሎ ያለውን ግን አልጠበቅሁም። «ሂድ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ከፈሰሰ የማይለቀም ነገር ላይ ግን አትቸኩል።»

የቀጠረኝ ሰው ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስሙን ቶሎ እንበለው፤ እኛ ከጀርባው የምንለው እንደዚያ ነው። የስታርትአፑ ቢሮ በመስታወት የተከፈለ አንድ አዳራሽ ሲሆን ግድግዳው ላይ በትልቁ «ቶሎ ውደቅ፣ ቶሎ ተነሥ» ተጽፏል። ይህን መፈክር የፈጠረ ሰው ወድቆ አያውቅም፤ ወይም ሲወድቅ ከሥሩ ሰው አልነበረም። የምንሠራው ደግሞ ጊዜያቸው ሳይደርስ ለሚወለዱ ሕፃናት የሚሆን ማሞቂያ አልጋ ነበር። አልጋው የልጁን ሙቀት ይለካል፣ ማሞቂያውን ያበራል፣ ያጠፋል፣ ሁሉንም በየደቂቃው በኢንተርኔት ወደ እኛ ይልካል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ዛሬም ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ። ዋና መሐንዲስ ተባልኩ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ነገረች።

ሙቀት ሲበዛ ያለ ኮድ በራሱ የሚቆርጥ ፊውዝ እንዲገባ በመጀመሪያው ሳምንት ጠየቅሁ። «በሚቀጥለው ስሪት» አለኝ ቶሎ። በሁለተኛው ወር ጠየቅሁ። «በሚቀጥለው ስሪት አላልኩህም?» አለኝ። በሦስተኛው አልጠየቅሁም። ሰው የሚበላሸው እንዲህ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስተኛውን ጥያቄ ሲተው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ባለሀብቶች ሊጎበኙን አንድ ቀን ሲቀር አልጋው ያስቸግር ጀመር። ኢንተርኔት ሲደክም ፕሮግራሙ መልስ እየጠበቀ ተገትሮ ይቀራል፤ ዘበኛዋ ትነቃና ታጠፋዋለች፤ ስክሪኑ ለአራት ሰከንድ ይጨልማል።

«ይህ ጨለማ እንዲጠፋ እፈልጋለሁ» አለ ቶሎ።

«መገተሩን ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ስጠኝ።»

«ጉብኝቱ ነገ ነው። ለጉብኝቱ ብቻ። አንድ ቀን። አንተን የመሰለ ሰው አንድ መስመር ያቅተዋል?»

አላቃተኝም። በቺፑ ውስጥ፣ ሥራው ቢቆምም ባይቆምም እንደ ግድግዳ ሰዓት ዝም ብሎ የሚቆጥር ሌላ ክፍል አለ። «አለሁ» የምትለዋን መስመር ከዋናው ፕሮግራም ወስጄ ለዚያ ሰዓት ሰጠሁት፤ የአረንጓዴዋን መብራት መስመር ግን እዚያው ተውኳት። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ቢሞትም ሰዓቱ «አቤት» ይልለታል፤ ዘበኛዋም አምና ትተኛለች፤ ማሞቂያው በርቶ ከነበረ እንደበራ ይቀራል። እንዲህ ያለ ጥፋት ዘበኛ ምን እንደሆነች የማያውቅ ሰው ሊሠራው አይችልም። ስሪቱን «41-ለ» አልኩት። «ለ» ለታይታ ማለት ነበር፤ ለራሴ ብቻ ያስቀመጥኩት ምልክት። ጉብኝቱ ሰመረ። ስክሪኑ አንዴም አልጨለመም። እኔም ረሳሁት።

በመሃሉ እህቴ በሰባት ወሯ ምጥ ያዛት። ክሊኒኩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ «የእኛ አልጋ ያለው እዚያ ነው፣ ሌላ ቦታ አትሄጂም» ብዬ። በቀዶ ሕክምና ወለደች። ልጅቷ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ነበረች፤ ስም እስኪወጣላት ሚጢጢ አልናት።

ማክሰኞ ጠዋት ከጎበኙን ባለሀብቶች አንዷ ለውሳኔ ተመልሳ መጣች፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ትንሽ የምትናገር ሴት። ቶሎ በትልቁ ስክሪን ላይ በየክሊኒኩ ያሉትን አሥራ ሁለት አልጋዎች በዝርዝር አሳያት።

«እያንዳንዱ መስመር አንድ ሕፃን ነው» አላት። «በዚህች ደቂቃ።»

እኔ የማየው ሕፃኑን አልነበረም፤ የመስመሩን ጫፍ ነበር። 41-ለ። ከሥሩ 41-ለ። አሥራ ሁለቱም ላይ 41-ለ።

ወደ ቶሎ ጎንበስ ብዬ በጆሮው «ይህን ማን ላከው?» አልኩት።

«እኔ፣ ሐሙስ ዕለት። ክሊኒኮቹ ስክሪኑ ይጨልማል እያሉ አስቸገሩ። ያንተኛው አይጨልምም» አለኝ፣ ፈገግታውን ለሴትየዋ እንደያዘ።

ያን ጊዜ የመጨረሻውን ዓምድ አየሁ። አልጋው ለመጨረሻ ጊዜ የላከበት ጊዜ። አሥራ አንዱ ከአንድ ደቂቃ በፊት። ሰባተኛው መስመር ከአርባ ደቂቃ በፊት። ሰባተኛው የእህቴ ክሊኒክ ነው።

እዚያው ጠረጴዛው ላይ ደወልኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ደህና ነኝ፣ አትጨናነቅ» አለች እህቴ ሳልጠይቃት።

«ሚጢጢስ?»

«ተኝታለች። ከአልጋዬ ሆኜ ስክሪኗን አያለሁ። ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት። ከቁርስ በኋላ ቁጥሯ ንቅንቅ አላለችም፣ ጎበዝ ናት።»

የሕያው ሰው ሙቀት ንቅንቅ ይላል።

«ከስክሪኑ በታች አረንጓዴ መብራት አለች። ብልጭ ድርግም ትላለች?»

«በርታለች።»

«በርታለች ወይስ ብልጭ ድርግም ትላለች?»

«በርታለች እኮ አልኩህ። አረንጓዴ ደህና አይደለም እንዴ? ምነው?»

«ሲስተርን ስጪኝ። ቶሎ በይ።»

ቶሎ ክርኔን ያዘ። «የቤተሰብ ስልክ ውጭ ነው የሚወራው» አለ በቀስታ። ክርኔን አስለቀቅሁ።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለች ነርሷ።

«የሕፃኗ አጎት ነኝ። ሲስተር፣ የማሞቂያውን ገመድ ከሶኬቱ ንቀይልኝ።»

«ምን አልክ?»

«ገመዱን። አሁን።»

«ጌታው፣ ይህቺ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ናት። ሙቀት ይነቀልባት ይባላል እንዴ? ስክሪኑ ልክ ነው የሚለው።»

«ስክሪኑ ሞቷል።»

«ፊቴ በርቶ እያየሁት?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«የሠራኸውማ አንተ ከሆንክ ለምን ታስነቅለኛለህ?»

ልክ ነበረች። በስልክ የማታየው ሰው ሕፃን ከሙቀት ነጥዪ ቢላት እሺ የምትል ነርስ አይስጠን። ቶሎ እጁን ስልኬ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ተነሥቼ ወደ ግድግዳው ሸሸሁ፤ ጀርባዬ መፈክሩን ነካ።

«ሲስተር፣ ስክሪኑን አትመኚው። እኔንም አትመኚኝ። እጅሽን አስገቢና ልጅቷን ንኪያት። ከዚያ የፈቀድሽውን አድርጊ።»

«ቆይ» አለች።

ዘበኛዋ ብትሆን የምትሰጠው አንድ ሰከንድ ነው። እኔ አሥራ ሰባት ቆጠርኩ። ጫማ ሲንሸራተት ሰማሁ፣ የፕላስቲክ ክዳን ሲከፈት፣ ከዚያ ምንም። ከዚያ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ዱብ አለ፤ የገመዱ ጫፍ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ።

«ነቅያለሁ» አለች ነርሷ። ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። «እንደ እሳት ትፋጃለች። ዶክተሩን ጥሩልኝ አንዳችሁ።» ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ከኋላዋ የእህቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ስሜን እየጠራች ነበር። የሕፃን ለቅሶ አልሰማሁም።

ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ። ስልኩን አስቀመጥኩት።

«የክሊኒኮቹን ሁሉ ቁጥር አምጣ» አልኩት ቶሎን። «አሥራ አንድ ይቀራሉ።»

ቶሎም «ቆይ» አለ።

ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ ይህን ቃል ካፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ቆይ፣ እንግዳችን ትሂድ። ከዚያ ከዚሁ ሆነን የድሮውን ስሪት እንመልስላቸዋለን። ከስልክ ግርግር ይሻላል፤ ማንም አይደነግጥም።»

«ከዚህ ሆነህ የላክኸውን የሚሰማ ያልሞተ አልጋ ነው። የሞተው አይሰማህም።»

«አሥራ አንዱ ይሠራሉ እኮ፣ ስክሪኑን እየው።»

«ሰባተኛውም ከሃምሳ ደቂቃ በፊት ይሠራ ነበር።»

ባለሀብቷ እስክሪብቶዋን ከደነች። «በስልክ ያነሣሃት ልጅ የማን ናት?» አለችኝ።

«የእህቴ።»

«ሌሎቹስ?»

«የሌሎች እህቶች።»

«ይህን ያደረገው ማነው?»

ቶሎ እኔን አየኝ። እኔም እሱን ማየት እችል ነበር፤ የላከው እሱ ነው፣ ያዘዘኝም እሱ ነው፣ ፊውዙን የከለከለኝም እሱ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ በጊዜው ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገረዋለሁ። ነገር ግን እሱን «አለሁ» የት እንደምትጻፍ የነገረው ሰው አልነበረም። እኔን አባ ቆይ ነግሮኛል፣ ያውም አሥራ አንድ ዓመት።

«መስመሯን ያዛወርኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሴትየዋ ወደ ቶሎ ዞራ «ቁጥሮቹን ስጠው» አለችው። ይህን ያለችው ለሕፃናቱ ይሁን ለገንዘቧ አላውቅም፤ ግድም አልሰጠኝም። ቶሎ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

የመጀመሪያውን ክሊኒክ ቁጥር መጫን ስጀምር እህቴ ደወለች። አነሣሁት።

«እያለቀሰች ነው» አለች። እሷም ታለቅስ ነበር። «በእርጥብ ጨርቅ ያበርዷታል፣ ዶክተሩ ወደ ሠላሳ ስምንት ወርዳለች አለኝ። ክንዷ በሙሉ ቀልቷል። ወንድም ጋሼ፣ ማሽኑ ምን ሆኖ ነው?»

«ማሽኑ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ምን?»

«የሚጠብቃትን ነገር ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ለታይታ ብዬ። አውቄ።»

የክሊኒኩ ኮሪደር፣ የጋሪ ጎማ፣ የሰው ሳል ይሰማኛል፤ እሷ ግን የለችም። ከዚያ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ በልጅነታችን መብራት ሲጠፋ ከወዲያኛው ክፍል ትጠራኝ እንደነበረው፣

«አለህ?» አለችኝ።

«አለሁ» አፌ ላይ መጥቶ ነበር። በስክሪኑ ላይ አራተኛው መስመር፣ ከሁለት ደቂቃ በፊት። ሌሎቹ አሁንም አንድ ደቂቃ።

«ቆይ» አልኳት። «አሥራ አንድ አልጋ ይቀረኛል።»

ዘጋሁትና ለአራተኛው ደወልኩ።