አልኮል በሀስና ቤት

መርሳ ከተማ ውስጥ አልኮል ገዝታ መነጋገሪያ የሆነች ሙስሊም ሴት ከእኔ በፊት መኖሯን እንጃ። የገዛሁት ከፋርማሲ ነው፤ ያንን ቁስል የሚጠረግበትን። ያገሬ ሰው ግን ወሬ ካገኘ መች ያጣራል።

ነገሩ ሥዕል ነው። አንዲት ሴት ሴራሚክ ላይ ቀለም ጠብ አድርጋ፣ አልኮል ጨምራ፣ በስትሮ እፍ ስትልበት በስልኬ አየሁና ልቤ እዚያው ቀረ። ልጆቼን ድሬ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ለራሴ ብዬ አንድ ነገር የፈለግሁት ያኔ ነው። ወልድያ ቤት የሠራው ልጄ የተረፈውን ሴራሚክ ሰጥቶኝ ነበር። ማርከሮች ገዝቼ ሆድ ዕቃቸውን አውጥቼ አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍሁና ቀለም አወጣሁ። ሽታው ራስ ያዞራል፣ መስኮት ክፈቱ ይላሉ፤ ከፈትሁ። ሽታው መንገድ ወጣ፤ ወሬውም ተከተለው።

ሥዕሉ ግን እምቢ አለኝ። አልኮሉን እየሰሰትሁ በጠብታ ስጨምር ቀለሙ ባለበት ረግቶ እንደ ቡግንጅ ይቀመጣል።

ከዚሁ ጋር ስታገል ታላቅ ወንድሜ ጋሼ አብዱልሐሊም ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳያደርሱ ገቡ።

«ሀስና፣ አባታችን በሰገዱበት ቤት ኸምር?»

«ኸምር አይደለም ጋሼ፤ የሚጠጣ አይደለም። መርፌ ሲወጉ ክንድዎን በምን ጠረጉት?»

«እሱ ሕክምና ነው። ይኼ ምንድን ነው?»

«ይኼ ደስታዬ ነው።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«በዚህ ዕድሜዬ።»

ተቆጡ። ነጃሳው እንዳይነካቸው ጠርሙሱን ከሽርጣቸው አርቀው በግራ እጃቸው አነሡት። ወደ በሩ ሄዱ፤ ተመለሱ። ደግሞ ሄዱ፤ ደግሞ ተመለሱ። ገባኝ። የሚደፉበት ቦይ ያለው ደጅ ነው፤ ደጅ ደግሞ ጎረቤት አለ። አብዱልሐሊም የአልኮል ጠርሙስ ይዘው ታዩ ሊባል ነው። አልኮሉንም ሥዕሉንም ባንዴ ላጥፋ ብለው ጠርሙሱን ሥዕሌ ላይ ገለበጡት።

ላለቅስ ስል ቀለሙ ተፈታ። ቀዩ ሰማያዊው ውስጥ ገባ፤ ዳር ዳሩ ቀጭን ወርቅማ መስመር አወጣ። ለካ ሥዕሉን የበደልሁት አልኮሉን በመሰሰቴ ነው። ስትሮዬን አነሣሁና ፊት ለፊታቸው እፍ አልሁበት። ጋሼ ባዶውን ጠርሙስ እንደያዙ ቆሙ።

«ሁለተኛ ይህ ነገር እዚህ ቤት እንዳይገባ» አሉ።

«ነገ ይገባል» አልሁ ቀና ሳልል። «ቤቱ የአባታችን ነው ካሉ፣ የእኔም አባት ናቸው።»

በማግስቱ ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ፤ ሥዕሉንም ሳሎን ሰቀልሁት። ለዒድ የተሰበሰበው ዘመድ «ይኼን ማን ሠራው?» ሲል «እኔ» አልሁ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞርሁ።

«ጋሼ፣ የሚቀጥለውንስ መጥተው ያፈሱልኛል?»

ዘመድ ሁሉ ምኑን ነው የሚያፈሱት ብሎ አያቸው። ጋሼ ቴምር ጎረሱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጠርሙሴ አንድ ቃል አልተነፈሱም።