ዶርካ የተሻገረችው ጽናጽል

የዶርካ አባት ማሪኪ ሻርክ ጠሪ ነው። በኒው አየርላንድ ደሴት ምዕራብ ዳርቻ ሻርክ በመንጠቆ አይያዝም፤ ይጠራል። የኮኮናት ቅርፊት የተሰካበትን ጽናጽል ባሕር ውስጥ ሲያንሿሹት ሻርኩ ዘመድ የጠራው መስሎት ይመጣል። መሬት ላይ የተቀመጠውን ጽናጽል ግን ማንም ተራምዶ መሻገር የለበትም። ሳያስብ የተሻገረ ቢኖር እንኳ ይናገራል፣ ጽናጽሉ በቅጠል ይታጠባል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ክፉው መደበቁ ነው፤ ያኔ ሻርኮቹ ይቆጣሉ።

ዶርካ ደበቀች። ዶሮ ስታባርር ዘላው አለፈች፣ ማንም ያያት አልመሰላትም። ጠዋት አባቷ ወደ ባሕር ሊወጣ ሲል እንደ ወትሮው ደጃፍ ቆሞ "ልጆች፣ የተሻገረው አለ?" ብሎ ሲጠይቅ እውነቱን መናገር ፈራች። የቤቱ ጨዋ ልጅ እሷ ናታ! ጨዋ መባል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዴ ከለመዱት መልቀቁ ያስፈራል።

"የለም አባዬ" አለች።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የአባቷ ታንኳ ከኮራሉ፣ ከባሕሩ ዓለት፣ ማዶ ተገትሮ ቀረ። ማሪኪ ይቀዝፋል፣ ይቀዝፋል፣ ታንኳው ግን ንቅንቅ አይልም። ሊደርሱለት የወጡትን ሁሉ ሻርኮች ታንኳቸውን እየደበደቡ መለሷቸው። የሚጠጣ ውሃ አልያዘም፤ በዚያ ሐሩር ብዙ እንደማይቆይ ሁሉም ያውቃል።

አጎቷ ቶማይ በንዴት የትንሽ ወንድሟን የሎቲን ጆሮ ያዘ። "አንተ ነህ! ካንተ ሌላ ማን ይዘላል? ፌንጣ! ግባና ለሻርኮቹ ሽማግሌ፣ ለአያታችን፣ ራስህ ተናገር!"

ሎቲ ዶርካን አየት አደረጋትና ወደ ባሕሩ ገባ። ውሃው አንገቱ ሲደርስ "እኔ ነኝ!" ሲል ተሰማ። ታንኳው ግን አልተንቀሳቀሰም። ልጁ እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ ቶማይ "ከልብህ አልተናገርክም! ተመለስ!" ብሎ ገፈተረው።

አባቷ እዚያ በጥም እየነደደ፣ ወንድሟ እዚህ በእሷ ጥፋት እየተገፈተረ፣ ዶርካ ቆማ ታያለች። ራሷን ጠላች።

"ተወው!" ብላ ጮኸች። "የተሻገርኩት እኔ ነኝ! የዋሸሁትም እኔ ነኝ!"

መልስ አልጠበቀችም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ውሃ ትፈራለች፤ ቢሆንም ኮራሉ ጫፍ ድረስ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ጥልቁ ነው። ከጥልቁም አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ቆዳው በእርጅና የሻከረ ሻርክ ብቅ አለ።

"አያቴ፣" አለች፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቴን ይልቀቁልኝ። ከፈለጉ እኔን ይብሉኝ።"

"አጥንት ብቻ ሆነሽ ምንሽ ይበላል?" አለ ሻርኩ። "ቅድም አንድ ጩጬ መጥቶ 'እኔ ነኝ' ይለኛል። መዋሸት እንኳ አያውቅበትም። ለምን ትዋሻለህ ስለው፣ 'እህቴ ውሃ ትፈራለች' አለኝ።"

ዶርካ ውሃው ውስጥ እንደቆመች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሽማግሌው ሻርክ ዞሮ ጠለቀ። ወዲያው ታንኳው ወደ ዳር መንሸራተት ጀመረ።

ማሪኪ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ወረደ። የኮኮናት ውሃ አጠጡት፣ የሆነውን ሁሉ ነገሩት። ዶርካን እቅፍ አድርጎ "የኔ ጀግና!" አላት። መንደሩም "ጀግና! ጀግና!" እያለ ከበባት። ዶርካ የምትገባበት ጠፋት፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ከመሃላቸው ሾልካ ሎቲ አሸዋው ላይ ብቻውን ወደተቀመጠበት ሄደች። ጆሮው አሁንም ቀልቷል።

"ሎቲዬ፣ ስዘል አይተኸኝ ነበር?"

"አይቼሻለሁ እንጂ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

ሎቲ ግራ ገብቶት ቀና ብሎ አያት።

"አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ እየጠበቅኩሽ ነበራ።"