ትንሽ የሚቀረው ኮት

በዚያ ዓመት ዝናቡ ለሦስት ወር ሳያባራ ዘነበ። ገበያ ጠፋ። ልብስ ሰፊው ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቹ አንዱን ሸጠ። የሚሸሸግበት ሌላ ሥራ ስላጣ የአክስቱን ኮት አወጣ።

የመጀመሪያውን መኪና የገዛችለት አክስቱ ናት። በምላሹ የጠየቀችው ኮት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሆነው። ሱሪና ሸሚዝ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰፋል፤ የልብስ ሰፊ ልክ የሚታወቀው ግን በኮት ነው። እጅጌው ላይ ሲደርስ "ትከሻው ተጨማደደ" እያለ አምስት ጊዜ በምላጭ ተርትሮታል። ያላለቀ ኮት ማንም አይነቅፈውም።

አሁን ለስድስተኛ ጊዜ እጅጌውን ገጥሞ ጨረሰ። ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም፤ ያስፈራውም ይኸው ነበር። ትከሻውን ደጋግሞ ዳሰሰ። እንደገና ሊተረትረው ምላጩን ሲያነሳ አክስቱ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች።

"አለቀ?"

"ትንሽ ይቀረዋል፣ እትዬ።"

"ስድስት ዓመት ሙሉ ትንሽ ይቀረዋል። ኮት ነው ወይስ መገነዣዬን ነው የምትሰፋው?"

"ትከሻው ተጨማዷል።"

"የእኔስ ትከሻ መች ቀጥ ብሎ ያውቃል?"

ጀርባዋን ሰጥታው እጆቿን ወደ ኋላ ዘረጋች። ክንዷ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ምላጩን አስቀምጦ አለበሳት። መስታወት ፊት ቆሙ። የእሷ ትከሻ ዘመም ባለበት በግራ በኩል አንዲት የተጨማደደች ቦታ ነበረች፤ ሁለቱም አዩዋት።

"ቆልፍልኝ፤ ለብሼው ልሄድ ነው" አለችው።

ቆለፈላት። የስድስት ዓመት ዕዳው ጃንጥላ ይዞ መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ድረስ በሩ ላይ ቆሞ አየው።