በአምቦ ሮደን ተመልሷል

ኦቦ ተሬፋ ጡረታ ወጥተው አምቦ ላይ ጌም ቤት ሲከፍቱ፣ ልጆች ተጫውተው ዝም ብለው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሏቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸውና አይፈረድባቸውም። ለጨዋታ የሚመጣው ብዙ ቢሆንም ለክርክር የሚመጣው ይበልጥ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይማ የአምቦና የጎረቤቷ ከተማ የጌዶ ልጆች ሊኳረፉ ደረሱ፤ ያውም በምድር ላይ ኖሮ በማያውቅ፣ ሮደን በሚባል ሰው ምክንያት።

ነገሩ እንዲህ ነው። «የበረዶው መንገድ» የሚባል ጌም አለ። ሩጫና ተኩስ ብቻ አይደለም፤ ታሪክ አለው፣ ሰዎቹ ያወራሉ፣ ተጫዋቹም መልስ ይመርጣል። በመረጠው መልስ ታሪኩ መንገድ ስለሚቀይር አንዱ ጌም ብዙ መጨረሻ አለው። የጀግናው ታላቅ ወንድም ሮደን፣ መንደሩ ሲራብ እህል ፍለጋ ተራራውን ተሻግሮ ይሄዳል። ጌሙ ሲያልቅ ሥዕሎች ተራ በተራ ይመጡና ከሥራቸው እያንዳንዱ ሰው በኋላ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ይነበባል። በአምቦ ሮደን ተመልሷል። በጌዶ ሮደን ተራራው ላይ ቀርቷል። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ወጣ። ሁለተኛው ክፍል ከየትኛው መጨረሻ እንደሚነሳ ከታወቀ፣ እውነተኛው መጨረሻ ታወቀ ማለት ነው።

የአምቦን ወገን የሚመራው ጉታ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ፣ በሌላው ነገር ሁሉ ለሰው ቦታ የሚለቅ፣ በሮደን ጉዳይ ግን ንቅንቅ የማይል።

«ተመልሷል» ይላል። «ግራ እግሩን እያነከሰ ተመልሷል። ሲገባ ግንባሩን ከበሩ ጉበን ጋር አጋጨ፣ እናቱም ከውስጥ ድምፁን ሰምታ አወቀችው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?»

ለምን እንዲህ እንደሚንገበገብ ለማንም አልተናገረም። ታላቅ ወንድሙ ቀጀላ በ2002 መስከረም ላይ በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን ሄዷል። ደርሻለሁ ብሎ አልደወለም። ያኔ ጉታ ዘጠነኛ ክፍል ነበር፤ ቤት ውስጥ ያለውን ዝምታ ስለማይችለው ከትምህርት ቤት በቀጥታ ኦቦ ተሬፋ ጋ ነበር የሚሄደው። እዚያ እንግሊዝኛውን የሚያነብላቸው የቀጀላ ጓደኛ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ሂርጳ ነው። ስክሪኑ ላይ የመጣውን መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ እንደ ታክሲ ረዳት እያጣደፈ ይለዋል።

ጌሙ ያለቀ ቀን ጉታ ከፊት ተቀምጦ ነበር። የሮደን ሥዕል መጣ፤ በረዶ፣ አንዲት ጎጆ፣ የተዘጋ በር። ሂርጳ ያን ሁሉ ሲያጣድፍ ቆይቶ ድንገት ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቀስ እያለ ስለሚያነክሰው እግር፣ ስለ ጉበኑና ስለ እናቲቱ አነበበ።

ጉታ በድንጋጤ ክው አለ። የእነሱ በር ዝቅተኛ ነው። ረጅሙ ቀጀላ ሲገባም ሲወጣም ግንባሩን ይመታው ነበር፤ እናታቸው አረጋሽም ከውስጥ «ጎንበስ በል እንጂ!» ትለዋለች። ጎረቤቱ የቀጀላን መምጣት የሚያውቀው በዚያች ጩኸት ነበር። ታዲያ ባሕር ማዶ የተሠራ ጌም ይህን በር እንዴት አወቀ? የአሥራ አምስት ዓመቱ ጉታ ምልክት ነው አለ። ሮደን ከተመለሰ ቀጀላም ይመለሳል ብሎ ከራሱ ጋር ተዋዋለ። በኋላ አደገ፣ በዚህ ሐሳቡም አፈረ፤ መተው ግን አልቻለም።

ያን ቀን እየሮጠ ሄዶ ለእናቱ ሁሉንም ነገራት። አረጋሽ እጇን ከሥራዋ ሳታነሳ ሰማችው።

«ማነው ያነበበላችሁ?» አለች።

«ሂርጳ።»

«ጎበዝ ልጅ ነው» አለችና ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ሂርጳ ተመርቆ ካቺሲ ከተማ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ፣ አምቦ በመጣ ቁጥር አረጋሽ ጩኮ ትልክለታለች፤ ገብሱን ቆልታና አስፈጭታ፣ በቅቤ አሽታ። ጉታ፣ «የልጄ ጓደኛ ነው» ብላ ይሆናል ብሎ፣ ጠይቋት አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ ሳለ፣ ጌዶዎች ሁለተኛውን ክፍል ይዘው መጡ። መሪያቸው ከአባቱ ጋር ከብት የሚነግደው ዓብዲሳ ነው። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጩኸት ተነሳ። ኦቦ ተሬፋ ከወንበራቸው ተነሡና ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

«ይኼ ነገር በሽምግልና ይለቅ» አሉ። ከግቢው እርጥብ ሣር ነጭተው ቴሌቪዥኑ ሥር ጎዘጎዙ። «ጆይስቲክ የያዘ ብቻ ይናገራል። ያልያዘ አፉን ይያዝ።»

ልጆቹ ሳቁ፤ ግን እሺ አሉ። ጆይስቲኩን መጀመሪያ ዓብዲሳ ተቀበለ። የእነሱ አንባቢ መዝገበ ቃላት ይዞ እንደሚያነብ፣ ሮደንም ተራራው ላይ በውርጭ እንደሞተ ረጋ ብሎ አስረዳ። ጉታ ተቀብሎ እግሩን፣ ጉበኑን፣ እናቲቱን ደገመላቸው። ሁለተኛው ክፍል ይከፈትና ይነበብ ተባለ። አንባቢ ማን ይሁን ሲባል ሁለቱም ወገን ሂርጳን መረጠ፤ ለበዓል እንጂ የማይመጣው ሂርጳ ትምህርት ተዘግቶ ትናንት ገብቶ ነበር። ከመጣ ጀምሮ በሩን ተደግፎ እንደቆመ ነው፤ ፊቱ መገርጣቱን ግን ልብ ያለ የለም።

«ቲቸር፣ አንተ ዳኛችን ነህ» አለ ዓብዲሳ። ጆይስቲኩን አስጨበጡት።

ስክሪኑ ጠቆረ። ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ። ጉታ ላንብብ አላንብብ ሳይል ዓይኑ ቀድሞ አነበበ። ሮደን ተራራው ላይ ከሞተ ሦስት ክረምት አልፏል ይላል። ደግሞ አነበበው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ሂርጳ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

«አንብብ እንጂ ቲቸር!» አሉ ከኋላ።

ሂርጳ ዞሮ ጉታን አየው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሮደን...» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሮደን ወደ እናቱ ቤት ከተመለሰ...»

ጉታ ያኔ ሁሉም ነገር ገባው። ያንን በር ፈረንጅ አልጻፈውም። ያንን በር የሚያውቀው፣ ስንት ምሽት ከቀጀላ ጋር አብሮ የገባ፣ ቀጀላ ግንባሩን ሲይዝ የሳቀበት ሰው ነው። አሁንም ሊደግመው ነው፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በመምህርነቱ፣ ነገ መዝገበ ቃላት ገልጠው ውሸታም እንደሚሉት እያወቀ። መጀመሪያ ቀጀላ ዛሬ እንደገና የሄደ ያህል ሆነበት። ወዲያው ግን ያልጠበቀው ምስጋና ደረቱን ሞላው። በዚያች በተፈጠረች ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ተኝቶባታል፣ አጥንቶባታል፣ ፈተና አልፎባታል። ይህን ያህል ውለታ የዋለለት ሰው የለም።

ተነሥቶ ጆይስቲኩን ከሂርጳ እጅ ወሰደ።

«ሞቷል ነው የሚለው» አለ። «ጌዶዎች ልክ ናችሁ።»

ቤቱ ተናወጠ። ለጠብ ተዘጋጅቶ የመጣው ዓብዲሳ ድሉን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። «ታዲያ ያኔ የተነበበልንስ?» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«ያኔ የተነበበው ለእኔ ነው» አለ ጉታ። «ወንድሜ ሄዶብኝ ነበር። ሂርጳ ነው የመለሰልኝ።» ወደ ሂርጳ ዞረ። «ገለቶሚ፣ ሂርጳ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ሂርጳ በመዳፉ ፊቱን ጠረገ። ኦቦ ተሬፋ ሣሩን ከወለሉ ለቀሙና «ተፈርዷል። ጌዶ ረቷል። በሉ አሁን ኳሱን ክፈቱ» አሉ። ዓብዲሳ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ።

«የእኛስ አንባቢ ምነው እንደ እናንተው ቢያነብልን ኖሮ» ብሎ ሄደ።

ጉታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያስጨነቀው እናቱ ነበረች። ለሷም ሮደን ተመልሷል። ያንን ከእሷ የሚወስድ አንጀት ከየት ይምጣ? እሱም እንደ ሂርጳ ሊያነብ ቆረጠ። አረጋሽ ጩኮውን በሣህን እያስተካከለች አገኛት።

«ምን ተፈረደ?» አለችው።

ጉታ ጉሮሮውን ጠረገ። «አምቦ ረታ፣ ሀርሜ። ሮደን ተመልሷል። ሁለተኛው ክፍል ላይማ አግብቷል፣ እርሻም አርሷል...»

አረጋሽ ቀና ብላ አየችውና ፈገግ አለች። «ሂርጳ ይችልበታል። አንተ ግን አትችልበትም።»

«ምኑን?» አለ ጉታ።

«ልጄ፣ የፈረንጅ ሰው በራችን ዝቅ ያለ መሆኑን በምን አወቀ? የዚያኑ ዕለት ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሁሉ ሰው የቀጀላን ስም መጥራት ትቶ ነበር፤ እናዝናለን ብለው። እኔም ልጄን ከእኔና ካንተ በቀር የሚያስበው የለም እል ነበር። ለካ እዚያ ጌም ቤት አንድ የሰው ልጅ ተቀምጦ፣ ጉበኑን ሳይቀር ያስባል።» የሣህኑን ክዳን ገጠመች። «ጌታ ይመስገን አልኩ፤ ያን ሌሊትም ተኛሁ። ጩኮው የምን ይመስልህ ነበር?»

አረጋሽ ሣህኑን በነጠላ ጨርቅ ቋጥራ አስታቀፈችው። «ዛሬ ቅቤ ጨምሬበታለሁ። ሂድ፣ እናቱ ቤት አድርስለት። ቅቤው ሳይረጋ ብላ በለው።»

ጉታ እንባውን እንዳታይበት ፈጠን ብሎ ወጣ፤ ግንባሩም ከጉበኑ ጋር ቋ አለ። መቼ የቀጀላን ቁመት እንደደረሰ ሁለቱም ልብ አላሉትም ነበር።

«ጎንበስ በል እንጂ!» አለች አረጋሽ ከውስጥ፤ ጎረቤት እስኪሰማ።

ያ ቃል በዚያ ቤት ከተሰማ አራት ዓመት አልፎታል። ጉታ ሣህኑን እንደታቀፈ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከውስጥ እናቱ መሳቅ ስትጀምር ሰማትና እሱም ግንባሩን እያሻሸ ሳቀ።