ያልደረሰው ፍትሐት

ወርቄ በሕይወቷ አንድ ትልቅ ውሸት ዋሸች፤ እሱንም ሰፈሩ ሁሉ አምኖ አለቀሰላት።

ዘመኑ የቀይ ሽብር ነው። ከባሏ ሞት በኋላ የቀረቻት አንዲት ልጇ ብርነሽ ብቻ ነበረች። የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች «ወረቀት በትነሻል» እያሉ ቡልቡላ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ተመላለሱ። እንዲህ ተመላልሰው የወሰዱት ልጅ ሬሳው እንኳ እንደማይመለስ ወርቄ ታውቃለች። በድሬዳዋ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳው ወሎዬው ጎረቤቷ ሙክታር «እንደ ልጄ ወስጄ ድንበር ለሚያሻግራት ሰው አስረክባታለሁ» አላትና ብርነሽን ሰጠችው።

ልጅቷ ጠፋች ከተባለ ግን ኬላው ሁሉ ሊፈልጋት ነው። ሞተች ከተባለ ማን ይፈልጋታል? ወርቄ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ወልደጻድቅ ሄደች።

«ይፍቱኝ አባ። መተሐራ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ወባ ገደላት ልል ነው። ሰው እንዲያምነኝ ፍትሐት ያድርሱልኝ።»

«አልቅሺ፤ እግዚአብሔር የእናት ሆድ ያውቃል። ፍትሐት ግን በሕያው ላይ አይደርስም። በተቀበረችበት ደረሰላት በያቸው» አሏት። ምስኪን አባ፣ በውሸቱ እሳቸውም አገዟት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወርቄ «መርዶ ደረሰኝ!» ብላ እሪ አለች። እድሩ ድንኳን ተከለ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ልጇን ዳግም ላታያት ሸኝታለችና ፊቷን እስኪደማ ነጨች። እግዜር የለም ሲል የከረመው የቀበሌ ሊቀመንበር እንኳ ንፍሮውን ቆርጥሞ «እግዜር ያጥናሽ» ብሏት ሄደ። ከዚያ ወዲያ የመጣባት የለም። ቀን ቀን ጥቁሯን ለብሳ አጽናኝ ትቀበላለች፤ ለብቻዋ ስትሆን «አደራህን፣ በሰላም አግባልኝ» እያለች ትሰግዳለች።

ክረምቱ ሲወጣ ሙክታር መጣ። ቆቡን አውልቆ በእጁ እያሻሸ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ደረሰች?» አለችው።

«እትዬ ወርቄ... ድንበሩን ተሻግራ ነበር። በረሃው ላይ ታመመች። ያሻገራት ሰው በእጁ ቀበራት።»

«ምን አገኛት?»

ሙክታር አንገቱን ደፋ። «ወባ።»

ወርቄ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነከሰችው። እሪ ብትል ጎረቤት ይሰማል፤ ጎረቤት ከሰማ ሙክታር ይረሸናል። ደግሞስ ማን ሊመጣ? ድንኳኑ ተተክሎ ተነቅሏል፤ ንፍሮው ተበልቷል፤ ጥቁሩንም ለብሳዋለች። «ወባ አልኩ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «በገዛ አፌ።» ሙክታር አብሯት መሬት ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ አባ ወልደጻድቅን እቃ ቤቱ ደጃፍ አገኘቻቸው። መስቀላቸውን ተሳለመች።

«አባ፣ ያን ጊዜ የከለከሉኝን ፍትሐት አሁን ያድርሱልኝ።»

አባ ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገቧት፤ በሩን ዘጉና ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ።